ወረቀቱን ሳናነብ አንፈርም

ዛሬ ከብዙ ቤት አንድ ልጅ ወደ ከተማ ሄዷል። አንዱ በአበባ እርሻ፣ አንዷ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ። እኛ እርሻችን ላይ ብንሆንም ከደመወዛቸው ለማዳበሪያ፣ ለጨው፣ ለታናናሾቻቸው ደብተር ይደርሰናል። ስለዚህ ልጃችን ከሥራ ስትቀነስ ችግሩ የእኛም ነው።

ፋብሪካ ሠራተኛ የሚቀንሰው ሠራተኛው ስላጠፋ ብቻ አይደለም። ገበያ ሲጠፋም ይቀንሳል። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ዕቃ አጎዋ በሚባለው ሕግ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መግባቱ ሲቀር፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል።

አንዲት ልጅ እንዲህ ተቀንሳ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች እንበል። አራት ዓመት ሠርታለች። ደመወዟ በወር 3,000 ብር ነበር፤ በቀን 100 ብር ማለት ነው። «ከነገ ጀምሮ አትምጪ። የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ገንዘብሽ 6,000 ብር ይኸው» አሏት። የሚፈረም ወረቀትም አቀረቡላት። ወረቀቱ «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ» ይላል።

«ፈረምሽ ወይ ልጄ?» አላት አባቷ።

«ባነበው ጊዜ ‹ሁሉ› የሚለው ቃል አላማረኝም፣ አባዬ። ‹የማስጠንቀቂያ 6,000 ብር ተቀብያለሁ› ብዬ አስተካክዬ ፈረምኩ።»

ደግ አደረገች። ለምን ቢባል፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ የጡረታ አበል ሳይደርሰው የተቀነሰ ሠራተኛ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያ። አሠሪው በቅነሳ ሲያሰናብት ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ መንገር አለበት። ሳይነግር ካሰናበተ የሁለቱን ወር ደመወዝ ይከፍላል። ይህም 6,000 ብር ነው።

ሁለተኛ፣ የስንብት ክፍያ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ለልጅቱ 3,000 ብር፣ ሲደመር ሦስት ጊዜ 1,000 ብር፣ በጠቅላላው 6,000 ብር ይሆናል። ይህ ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ሦስተኛ፣ በቅነሳ ምክንያት የሚጨመር የ60 ቀን ደመወዝ። ይህም 6,000 ብር ነው።

ድምሩ 18,000 ብር ነው። ልጅቱ የያዘችው ሲሶውን ብቻ ነበር! ያልተከፈለ ደመወዝና ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ካለም ይታሰብላታል።

በአንዳንድ አገሮች ሥራ ላጣ ሰው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የሥራ አጥ አበል ይከፈለዋል። በአገራችን እንዲህ ያለ አበል የለም። ሥራ እስኪገኝ የሚያቆየው ይኸው ገንዘብ ነውና ሲሶውን ይዘን ዝም አንበል።

ገንዘቡ ሥራው በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ካልተከፈለ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለማኅበሩ እንንገር። የአሠሪና ሠራተኛን ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤትም እናመልክት። ይህም ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ነገር ግን ሥራ ከተቋረጠ 6 ወር ካለፈ የገንዘቡ ጥያቄ በይርጋ ይቀራል። «ያለ ሕግ ነው የተባረርኩት፤ ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ስለዚህ «አዝመራው ይሰብሰብና እናያለን» አንበል።

ስንሄድ የሥራ ውሉን፣ የደመወዝ ወረቀቱንና የስንብት ደብዳቤውን እንያዝ። አሠሪው ስንት ዓመት፣ በምን ሥራ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለሚቀጥለው ሥራ ይጠቅማልና እሱንም እንጠይቅ።

ፊደል ሳንቆጥር ለቀረበልን ወረቀት ሁሉ አውራ ጣታችንን እናሳርፍ ነበር። ዛሬ ግን ማንበብ እንችላለን። አንብበን፣ ቆጥረን፣ ከዚያ እንፈርም።

ጥያቄዎች

1. ልጅቱ ወረቀቱን ለምን አስተካክላ ፈረመች?
2. በወር 3,000 ብር እየተከፈለው 7 ዓመት የሠራ ሰው የስንብት ክፍያው ስንት ነው?
3. የገንዘቡ ጥያቄ በስንት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት?