ዝንጀሮ ማደሪያውን እንዴት ይመርጣል?

በመርሳና በሀብሩ ቆላ ማሽላ ለሚዘራ ገበሬ ስለ ዝንጀሮ ማንነት መንገር አያስፈልግም። ማሽላው እሸት ከያዘ ጀምሮ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ፤ ትምህርታቸውም በዚያው ይቀራል። እኛ ተማሪዎች «ከየት ነው የሚመጣው?» ብለን ስንጠይቅ፣ አባቶች በእጃቸው ያሳዩን ጫካውን ሳይሆን ገደሉን ነበር።

ገደልን ለምን መረጠ? ዝንጀሮ ቀን ቀን ዓይኑ ስል፣ ጥርሱም የሚያስፈራ ነው። ሲመሽ ግን እንደ እኛው ነው፣ ጨለማ ያሸንፈዋል። ነብር ደግሞ በጨለማ ያድናል። ስለዚህ ዝንጀሮ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ነብር በቀላሉ ወደማይወጣው ቀጥ ያለ ገደል ይሰበሰባል። በገደሉ ወገብ ላይ ጠባብ ጠባብ እርከን ይፈልጋል። እናት ግልገሏን አቅፋ፣ ቁጭ እንዳለች ታንቀላፋለች። ረጅም ዛፍ ባለበት አገርማ ዛፍ ላይም ያድራል።

ታዲያ ገደል ሁሉ አይሆንም። ውኃና ምግብ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ስለሆነ ብዙ መንጋ አንዱን ገደል ይጋራል። ሃንስ ኩመር የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1953 ዓ.ም. በድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ኤረር አካባቢ፣ ነጭ ጎፈር ያላቸውን ዝንጀሮዎች ሲከታተል በመቶ የሚቆጠሩት በአንድ ገደል ሲያድሩ አይቷል። ቀን ተበታትነው ይውላሉ፣ ማታ ይገናኛሉ።

ደገኛው ጭላዳም ገደል ላይ ያድራል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚታየው እሱ ነው። ዋና ምግቡ ሣር ስለሆነ ከገደሉ አፋፍ ብዙም ሳይርቅ ይግጣል፤ ጠላት ሲያይ ቁልቁል ይወርዳል።

ወደ ማሽላችን እንመለስ። ዝንጀሮ ማለዳ ከገደሉ ወርዶ ወዲያው አይሄድም። ፀሐይ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ይፈታተሻል። ከዚያ ትልልቆቹ ወንዶች ወዲህ ወዲያ ብለው አቅጣጫ ይይዛሉ፤ ሌላው ይከተላል። በየማማው አሥር ልጅ ጎህ ሳይቀድ ከሚቀመጥ፣ አንድ ሰው በተራ ገደሉን ቢያይና መንጋው የያዘውን አቅጣጫ ለጎረቤት ቢጣራ አይሻልም? በገደሉና በወንዙ መካከል ያለ ማሳ ግን ሁልጊዜ ጠባቂ ይፈልጋል፤ መንገዱ ላይ ነዋ! ከገደሉ ማባረር ደግሞ ብዙ አያዋጣም። ሌላ ማደሪያ ካጣ በማግሥቱ ማታ እዚያው ታገኙታላችሁ።