ከቀለሙ በፊት ክፍሉ

ቀለም መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደ ካታሎጉ ነው። ክሬም ይሻላል፣ ቢዥ ይሻላል፣ ያቺ ደመና የመሰለችውስ እያሉ ባልና ሚስት ይከራከራሉ። ሻጩ «ለየትኛው ክፍል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ለቤት ውስጥ» ከማለት አያልፍም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሚያምር ቀለም ኩሽና ግድግዳ ላይ አንድ ክረምት ላይከርም ይችላል። ቀለሙ መናኛ ሆኖ አይደለም፤ እንፋሎትና ዘይት የሚችለው ሌላ፣ እንቅልፍ የሚጠበቅበት ክፍል የሚፈልገው ሌላ ስለሆነ ነው። የቀለሙ መልክ መመረጥ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

በማንኛውም የቀለም ጣሳ ውስጥ ሦስት ዋና ነገሮች አሉ፦ መልኩን የሚሰጠው ዱቄት፣ ዱቄቱን ግድግዳ ላይ አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ፣ ሁለቱን አቅጥኖ ለብሩሽ የሚያመቻቸው ፈሳሽ። ፈሳሹ ተንኖ ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው። ፈሳሹ ውሃ ሲሆን ገበያው «ፕላስቲክ ቀለም» ይለዋል፤ በአኳራጅ የሚቀጥነው ደግሞ «የዘይት ቀለም» ነው። ነጩን ነጭ የሚያደርገው በዘመናችን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ውህድ ነው። ብርሃንን በብርቱ ስለሚበትን በስሱ ተቀብቶም ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ውድ በመሆኑ ግን በርካሽ ቀለም ውስጥ መጠኑ ይቀንስና ቦታውን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይወስዳል፤ ማያያዣውም እንዲሁ ይቆጠባል። እንዲህ ያለው ቀለም በተቀባ ማግስት ከውዱ አይለይም። የሚለየው ጥቁር ኮት የለበሰ እንግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆይቶ ሲነሳ ነው። ጀርባው ዱቄት ለብሶ ይወጣል። የቆየ ግድግዳን ከማደስ በፊትም ፈተናው ይኸው ነው፦ በመዳፍ አሸት ማድረግ። መዳፉ ነጭ ከሆነ ያ ዱቄት ሳይጠረግና ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቅብ ሳይቀባ የሚደረብ አዲስ ቀለም የሚጣበቀው ግድግዳው ላይ ሳይሆን አቧራው ላይ ነው።

ማያያዣው በርከት ሲል የቀለሙ ፊት ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽም ይችላል። ሲያንስ ፊቱ ሻከር ይልና የማያብረቀርቅ ደብዛዛ ይሆናል። ቀቢዎች የሚያብረቀርቀውን ግሎስ፣ ደብዛዛውን ማት፣ መሐል ላይ ያሉትን ሳቲንና ሰሚ ግሎስ ይሏቸዋል። «የሚታጠበው ካለ ለምን ቤቱን በሙሉ በእሱ አንቀባም?» የሚል ባለቤት አይጠፋም። መልሱ ያለው ልስኑ ላይ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም የማንኪያውን ዱካ፣ የተሰነጠቀውን፣ በእስቱኮ የተደፈነውን ቀዳዳ ሁሉ ያሳብቃል፤ በተለይ ከጎን መስኮት ብርሃን ሲመታው። ማት ደግሞ ገመና ከታች ነው። የግንበኛው እጅ ያልሰላበትን ግድግዳ ግሎስ ለመቀባት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የእስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ወጪውን ያስላ።

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚረከበው ውስጡ ያላለቀ ቤት ነው። ልስኑን ያስለስናል፣ ከኪራይ ቤት ለመውጣት ይቸኩላል፣ በሳምንቱ ቀቢ ይጠራል። ይህ ጥድፊያ ዋጋ ያስከፍላል። ትኩስ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ፒኤቹ ከ12 በላይ ይደርሳል። ዘይትና አልካሊ ሲገናኙ ሳሙና ይፈጠራል፤ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ አዲስ ልስን ላይ የተጣደፈ የዘይት ቀለም ከሥሩ እየለሰለሰ ይሄድና ይላጣል። የተለመደው ምክር ልስኑን 28 ቀን ያህል ማቆየት ነው፤ በክረምት ከዚያም በላይ። መግባት ግድ ከሆነ መጀመሪያ አንድ እጅ ማት ፕላስቲክ ቀለም ብቻ መቀባት ይሻላል። እርጥበቱ በእሱ በኩል መውጫ አያጣም።

የጭቃ ቤት ጉዳይ ለብቻው ነው። ጭድና ጭቃ የተመረገ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይተፋል። በዘይት ቀለም ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ፍለጋ ቀለሙን ከነልስኑ ይገፋዋል፤ በየሰፈሩ እንደ ቅርፊት ተንጠልጥሎ የሚታየው የዘይት ቀለም ምንጩ ይህ ነው። የድሮ ሰዎች ኖራ የሚቀቡት ድህነት አስገድዷቸው ብቻ አልነበረም። የተቀባ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ግን ድንጋዩ ይተነፍሳል፤ አልካሊነቱም ሻጋታን አያስጠጋም። የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው አሮጌ ቤት ዛሬም በኖራ ወይም በቀላል ማት ቢታደስ ይበጀዋል። የዘይት ቀለም ጨርቁን አድርቆ ይሰነጣጥቀዋል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ዘመናዊ ነን ባዮች የሚንቁት። የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ ከደረት በታች በጠቆር ያለ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በነጣ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ያውቀዋል። ጤና ጣቢያውም፣ ቀበሌውም፣ የብዙ ሰው ሳሎንም እንደዚያው ነበር። አሁን «የቢሮ ይመስላል» ተብሎ ተትቷል። ይሁንና አሠራሩ ብልህ ነው። እጅ፣ ቦርሳ፣ ወንበር፣ የሕፃን እርሳስ የሚደርሰው እስከዚያ ከፍታ ድረስ ነው፤ የሚታጠበው ውድ ቀለም እዚያ ይውላል፣ ከላይ ርካሹና ብርሃን የሚመልሰው ይበቃል። የሐረር ጀጎል ቤቶችም በተመሳሳይ ሐሳብ የተሠሩ ይመስላሉ፦ ነደባ የሚባሉት የመቀመጫ መደቦችና ወለሉ ቀይ፣ ግድግዳው ነጭ። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፣ ደማቁን መልክ ከታች አስቀምጦ ነጩን ለብርሃን መተው ለጠባብ ክፍልም ይሠራል። ለኮሪደር፣ ለደረጃና ለልጆች ክፍል ይህን የቆየ ብልሃት በአዳዲስ መልኮች መመለስ ብዙ እድሳት ያተርፋል፤ ከታች ሳቲን፣ ከላይ ማት።

ወደ ኩሽና እንግባ። የወጥ ዘይት ተንኖ ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ አቧራ ይይዛል፣ በርበሬው ይጨመርበታል። ማት ቀለም ይህን ሁሉ ወደ ውስጡ ይመጠዋል፤ ሲታጠብም ቆሻሻው ሳይሆን ቀለሙ ይለቃል። ስለዚህ ለኩሽና ሰሚ ግሎስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚቀመጥበት ማዕዘን ከሁሉ የባሰ ነው፤ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃ ይለወጣል። ከምጣዱ ጀርባ ሴራሚክ መለጠፍ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል፤ አቅም ካልፈቀደ ቢያንስ ያንን ማዕዘን በዘይት ቀለም መለየት ነው። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ ጥግ ቢጫ እያለ እንደሚሄድ ግን ከወዲሁ ማወቅ ይገባል። ከመጀመሪያው ክሬም መቀባት ከዚያ ንዴት ያድናል።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጠላቱ ሻጋታ ነው። ሻጋታ በቀለም አይገደልም። በጥቁሩ ላይ አዲስ ቀለም የሚደርብ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ያንኑ ጥቁር ያገኘዋል። መጀመሪያ ውሃ በተጨመረበት በረኪና ታጥቦ፣ ተለቅልቆና ደርቆ ነው የሚቀባው። በረኪናን ከአሲድ ጋር ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞከርም። ከዚያ በኋላ ሻጋታ መከላከያ ያለበት ሳቲን ወይም ሰሚ ግሎስ ይሆናል። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ከሆነ የአየር ማስወጫው ከቀለሙ ቀድሞ ይገዛ።

ሳሎንና መኝታ ቤት ላይ የካታሎጉ ክርክር በመጨረሻ ተገቢ ይሆናል። እዚህ የሚወስነው ብርሃን ነው። ከአውሮፓ የተቀዱ የማስዋቢያ መጻሕፍት «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነውና ሞቅ ያለ ቀለም ይቀባ» ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ በሌላው ወቅት በደቡብ። በሁለቱም ጊዜ ከፍ ብላ ስለምታልፍ የጣሪያው ጠርዝ ያስቀራታል። ስለዚህ እዚህ አገር ልዩነት የሚፈጥረው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። በምሥራቅ በኩል መስኮት ያለው መኝታ ቤት ጠዋት በብርሃን ይጥለቀለቃል፣ ከሰዓት በኋላ ይደበዝዛል። የምዕራቡ ሳሎን አመሻሹ ላይ ወርቃማ ጮራ ይገባበታል፤ ቢጫና ብርቱካናማ የተቀባ ከሆነ ዓይን ያቃጥላል፣ ለዘብ ያለ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ይሻለዋል።

ማታ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በሱቆች ነጭ ተብሎ የሚሸጠው የኤልኢዲ አምፖል ብዙውን ጊዜ 6500 ኬልቪን ነው፤ ክሬሙን አገርጥቶ፣ ግራጫውን ሰማያዊ አስመስሎ ያሳያል። 3000 ኬልቪን ያለው ቢጫ ብርሃን ያንኑ ግድግዳ ያሞቀዋል። ከካታሎግ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ አይቶ መወሰን የማያዋጣው ለዚህ ነው። አንድ ትንሽ ጣሳ ገዝቶ በሰፊ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ መቀባት፣ ካርቶኑን ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በየግድግዳው ማስደገፍ ነው። አራቱም ግድግዳ ሲቀባ መልኩ እርስ በርሱ እየተንጸባረቀ ከናሙናው ይደምቃል፤ ስለዚህ ከወደዱት በአንድ ደረጃ የነጣውን መውሰድ አያስቆጭም። ቡና በየቀኑ የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ከሆነ ኮርኒሱ እየጠቆረ መሄዱ አይቀርም፤ እዚያ ውድ ቀለም ማባከን ሳይሆን በየጊዜው በቀላሉ የሚደረብ ነጭ ማት መቀባት ነው።

መልክ በስሜት ላይ ስላለው ኃይል የሚወራው ብዙ ነው፣ የተረጋገጠው ጥቂት። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲያትል አንድ የባሕር ኃይል ማረሚያ ክፍል ውስጡን ሮዝ ተቀባ፤ እስረኞች ረገቡ ተባለ፤ ቀለሙም በሁለቱ የማረሚያው መኮንኖች ስም ቤከር ሚለር ተብሎ ዓለምን ዞረ። ኋላ በስዊዘርላንድ እስር ቤት በጥንቃቄ የተደረገ ሙከራ ግን ሮዙ ከነጩ የተለየ ውጤት አላሳየም። ስለዚህ «ሰማያዊ እንቅልፍ ይሰጣል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ፈገግ ብሎ የሚወዱትን መግዛት ነው።

ልጆች ክፍል ውስጥ ከመልኩ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሳስ። የጽሕፈቱ እርሳስ ሳይሆን ብረቱ። በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ለመልክ፣ በሌሎችም ለማድረቂያ ሲጨመር ኖሯል። ቀለሙ ሲያረጅ ይላጣል፣ ይፈጫል፤ ሕፃን ወለል ላይ ይድሃል፣ እጁን ይልሳል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና አያሰጋም የሚባል መጠን እንደሌለው ይናገራል። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ቀለም እ.ኤ.አ. በ1978 አግዳዋለች። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች። ስለዚህ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ምንጩ የማይታወቅ የዘይት ቀለም ለልጅ አልጋና ለመጫወቻ አለመግዛት። ከደንቡ በፊት የተቀባ አሮጌ በርና መስኮት ካለ በደረቁ አይፋቅም፤ ውሃ እየረጩ፣ ልጆችን አርቆ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 3፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ ግድግዳው 36.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። በርና መስኮቱ 3.7 ያህል ቢቀነስ 32.7 ይቀራል፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 65 ካሬ ገደማ። በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ቢያንስ 8፣ ቢበዛ 12 ካሬ ይሸፍናል፤ በ10 ቢታሰብ ስድስት ሊትር ተኩል ይበቃል። እስቱኮ ብቻ የተቀባ ግድግዳ ብዙ ይጠጣል፤ ፕራይመር የሚቀባው ይህን ለመቀነስ ነው። ለአንድ ክፍል የሚገዛው ሁሉ የምርት ቁጥሩ አንድ መሆኑ ይታይ፤ ሁለት ጣሳ ከተገዛ በአንድ ባልዲ ደባልቆ መጀመር መሐል ግድግዳ ላይ መልክ እንዳይለወጥ ያደርጋል። ፕላስቲክ ቀለም በሁለት ሰዓት ለእጅ ይደርቃል፣ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ሁለተኛው እጅ ይደረባል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ባይታጠብ ይሻላል።

የተረፈው በትንሽ ዕቃ፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይቀመጥ፤ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ያለው ባዶ አየር ቀለሙን ያደርቀዋል። ክዳኑ ላይ የክፍሉ ስም፣ የቀለሙ ቁጥርና የተቀባበት ወር ይጻፍበት። ሶፋ ሲገፋ ግድግዳውን የጫረ ጊዜ ቀቢ ሳይጠሩ በትንሽ ብሩሽ ለማስተካከል ከዚያ በላይ አያስፈልግም።