የፈረንጅ ጥድ አጥር መድረቅ፦ መንስኤውን ከመነሻ ቦታው መለየት
(ለቢቸናና ለሞጣ አካባቢ የቀረበ የመስክ ምርመራ ቅደም ተከተል)

መግቢያ

ቢቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ደጋማ አካባቢ ለአጥር ከሚተከሉት ዛፎች አንዱ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ (ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ) ነው። አጥሩ ሲደርቅ የተለያዩ መንስኤዎች በመጨረሻ አንድ ዓይነት ቡናማ መልክ ይሰጡታል። ስለዚህ ምርመራው መድረቁ በጀመረበት ቦታና በተዛመተበት አቅጣጫ ላይ መመሥረት ይኖርበታል።

የመለያ ምልክቶች

1. ተፈጥሯዊ እርግፈት፦ ብርሃን ያጡ የውስጥ ቅጠሎች ይረግፋሉ፤ የቅርንጫፉ ጫፍ ግን አረንጓዴ ነው። ሕክምና አያሻውም።

2. የጥድ ክሽክሽ (ሲናራ ኩፕሬሲቮራ)፦ መድረቁ ብዙውን ጊዜ ከአጥሩ ታችና ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ይሰፋል። ነፍሳቱ በሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የሚያድግ ጥቁር ሻጋታ በቅርንጫፎቹ ላይ ይታያል። ቅጠሉ ቡናማ የሚሆነው ነፍሳቱ ከተመናመኑ በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ አለመታየታቸው ብቻውን ነፃ አያደርጋቸውም።

3. የቅርፊት ቁስል (ሲሪዲየም)፦ በጤናማ ቅርንጫፎች መካከል አንድ ቅርንጫፍ ተለይቶ ይደርቃል። በሥሩ የሰረጎደ፣ ሙጫ የሚያፈስ ቁስል ይገኛል። ፈንገሱ በዝናብ ፍንጣቂና በመከርከሚያ መሣሪያ ይተላለፋል።

4. የሥር መበስበስ፦ ዛፉ በሙሉ፣ አንዳንዴም ጎረቤቶቹ ጭምር፣ ይገረጣሉ፤ ይደርቃሉ። በቢቸና አካባቢ እንዳለው ውኃ በሚቋጥር መረሬ አፈር ላይ ይህ በቅድሚያ ሊጠረጠር ይገባል። የግንዱ እግር ቅርፊት ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ሕብረ ሕዋስ ቡናማ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ከምርመራ ወደ እርምጃ

ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ለበሰበሰ ሥር ውኃ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል፤ መፍትሔው ማንጣፈፍ ነው። ቁስል ያለበት ቅርንጫፍ ከቁስሉ በታች ተቆርጦ ይቃጠላል፤ መሣሪያውም ከዛፍ ዛፍ ይጸዳል። የፈረንጅ ጥድ አረንጓዴ ቅጠል ከሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ስለማያቆጠቁጥ፣ ጥልቅ ክርከማ ክፍተቱን ዘላቂ ያደርገዋል።

ማጠቃለያ

ክሽክሹ በማላዊ በ1986 እ.ኤ.አ.፣ በኬንያ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ታይቶ የፈረንጅ ጥድ ደኖችን ጎድቷል፤ በማላዊ አገር በቀሉን የሙላንጄ ዝግባም አጥቅቷል። የጁኒፔረስ ወገን ዛፎችንም ስለሚያጠቃ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለተጠበቀው የሐበሻ ጥድ (ጁኒፔረስ ፕሮሴራ) ያሰጋል። ስለዚህ በከተማ አጥር ላይ የሚደረግ ትክክለኛ ምርመራ ለእነዚህ ደኖች የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።