ሥራን በውጤቱ ብቻ መመዘን ይበቃልን?

«ገንዘቡ ለመስጊድ ከዋለ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ለምን አስፈለገ?» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አነጋገሩ የዋህ ይመስላል፤ ከበስተጀርባው ግን አንድ ሙሉ ፍልስፍና አለ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ጄረሚ ቤንታምና ጆን ስቱዋርት ሚል የተባሉ እንግሊዛውያን ፈላስፎች የአንድ ሥራ መልካምነት የሚለካው በሚያስገኘው ደስታ ብዛት ነው ብለው አስተምረዋል።

በቅድሚያ ኢስላም ውጤትን ችላ እንደማይል ይታወቅ። ቅዱስ ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 219 መጠጥና ቁማር ጥቅም እንዳላቸው ሳይክድ፣ ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው እንደሚያመዝን ያስተምራል። የፊቅህ ሊቃውንትም ስለ መስለሓ፣ ማለትም ስለ ሕዝብ ጥቅም፣ በሰፊው ጽፈዋል። የእኔ ክርክር «ብቻ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

አንደኛ፣ መጨረሻውን የሚያውቅ አላህ (ሱ.ወ) ነው። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ የሁደይቢያ ውል ሲፈረም አቡ ጀንደል በሰንሰለት እንደታሰረ ከቁረይሾች አምልጦ መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በውሉ መሠረት መለሱት። ይህ ለብዙ ሰሐቦች መራራ ነበር። በ8ኛው ዓመት መካ ተከፈተች፤ ቃሉ የተከበረው ግን ይህ ፍሬ ሳይታይ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ሚዛን የደካማውን ሐቅ ይበላል። በአሜሪካ በቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሐኪሞች 399 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ሳያክሙ የበሽታውን አካሄድ ተከታተሉ። ፔኒሲሊን ፍቱን መሆኑ ከታወቀ በኋላም ከለከሏቸው። ሰበቡ ለብዙዎች የሚጠቅም እውቀት ይገኛል የሚል ነበር። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ግን «አል-ሙስተስፋ» በተባለው ኪታባቸው፣ በመስጠም ላይ ባለች መርከብ የተሳፈሩ ሰዎች ሌሎቹን ለማዳን ብለው አንዱን ወደ ባሕር መጣል እንደማይፈቀድላቸው አስረድተዋል።

«ታዲያ ኸድር መርከቧን የቀደደው ለውጤቱ ሲል አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የአል-ከህፍ ምዕራፍ እንደሚያስረዳን ኸድር ያን ያደረገው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በጌታው ትእዛዝ ነው። ለእኛ እንዲህ ያለ እውቀት አልተሰጠንም።

ወደ ተነሳንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ ሚዛን አጉድሎ ያተረፈ ነጋዴ ትርፉን ለመስጊድ ቢሰጥ የተበደለው ሸማች ሐቅ አልተመለሰም። ጉቦ የበላ ሹምም በሰደቃው ፍርድ የተጓደለበትን ሰው አላስደሰተም። ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ «ምን ያስገኛል?» ከማለታችን በፊት «ተፈቅዶልኛልን? የማንንስ ሐቅ እነካለሁ?» ብለን እንጠይቅ። አላህ ሐላሉን ያብቃቃን።

ወላሁ አዕለም።