የኮሶ ትልን ከምንጩ መከላከል

መግቢያ

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ኮሶን የማያውቅ ሰው የለም። ስሙ የዛፉም፣ የመድኃኒቱም፣ የትሉም መጠሪያ ነው። ብዙ ሰው ኮሶ ሲታየው መድኃኒቱን ይጠጣል፤ ትሉም ይወርድለታል። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ግን ተመልሶ ይታየዋል። እንደገናም ይጠጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትሉ የሚመላለስበትን ምክንያትና ገበሬው በቤቱ፣ በማዕዱና በግጦሽ ቦታው ሊወስደው የሚገባውን እርምጃ ማስረዳት ነው።

1. የትሉ አኗኗር

የኮሶ ትል በሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ ይኖራል። ነጭና ጠፍጣፋ ሲሆን ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። በጭራው በኩል ያሉት የበሰሉ ቁርጥራጮች እየተበጠሱ ከዓይነ ምድር ጋር ወይም በራሳቸው ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይገኛሉ።

ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ በሣሩ ላይ ይበተናሉ። እርጥበት ባለበት ቦታ ለወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ። ከብት ከሣሩ ጋር ሲውጣቸው በአንጀቱ ውስጥ ተፈልፍለው በደም አማካይነት ወደ ጡንቻው ይሄዳሉ። እዚያም ቢበዛ አተር የምታክል ነጭ ፊኛ ይሆናሉ። ይህ ሥጋ በቁርጥ ወይም በለብለብ ክትፎ መልክ ሲበላ፣ በፊኛው ውስጥ ያለው የትሉ ራስ ከሰው አንጀት ጋር ተጣብቆ ያድጋል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥም ቁርጥራጭ መጣል ይጀምራል።

እንግዲህ ከብቱን የሚበክለው ሰው ነው፤ ሰውንም መልሶ የሚበክለው የከብቱ ሥጋ ነው።

2. ስለ ባህላዊው መድኃኒት

አባቶቻችን ለዚህ ትል ኮሶን፣ እንቆቆንና መተሬን ሲጠቀሙ ኖረዋል። ለመድኃኒት የሚሆነው የሴቴው የኮሶ ዛፍ አበባ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዛፉን ገልጾታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ኮሶ ትል የማስወረድ ኃይል ያለው መሆኑ አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለቶች አሉት።

ሀ/ ልኩ አይታወቅም። የአበባው ኃይል እንደ እድሜውና እንደ አቀማመጡ ይለያያል፤ ብዙ የቆየው ይደክማል። ሲያንስ የትሉ ራስ በአንጀት ውስጥ ቀርቶ እንደገና ያድጋል።

ለ/ ሲበዛ ይጎዳል። ብርቱ ተቅማጥና ማስመለስ ያመጣል፤ ዓይን እስከ ማጥፋት የደረሰበት ጊዜም አለ። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ሐ/ ከዳግመኛ መያዝ አይጠብቅም። ዛሬ ትሉን ያስወረደ ሰው ነገ የተበከለ ጥሬ ሥጋ ከበላ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ነው። ጠጪው ከጓሮ ወይም ከጫካ ከተጸዳዳ፣ ትሉ ከነእንቁላሉ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ሰውየው ለጊዜው ይድናል፤ ጥጃው ግን በዚያው ሣር ይበከላል።

3. የተሳሳተ እምነት

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ ወይም አረቄ በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የትል ራስ ይገድላል የሚሉ አሉ። ይህ እውነት አይደለም። የሚገድለው በቂ እሳት ነው። በተጨማሪም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ለ10 ቀን የቆየ ሥጋ ከዚህ አደጋ ነፃ ይሆናል። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ግን በገበሬው ቤት አይገኝም።

4. ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ሀ/ እያንዳንዱ ቤተሰብ መጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍር፤ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። እረኞችም በግጦሽ ቦታ እንዳይጸዳዱ ይመከሩ።

ለ/ ያልበሰበሰ የሰው ዓይነ ምድር በጓሮ አትክልትም ሆነ በመኖ ላይ አይደፋ።

ሐ/ የከብት ሥጋ ውስጡ ቀይነቱን እስኪያጣ ድረስ ይብሰል። በዓመት በዓልና በቅርጫ ጊዜ በተለይ ለሕፃናት ጥሬ ሥጋ አይሰጥ።

መ/ በሚታረድ ከብት መንጋጋ፣ ምላስ፣ ልብና ትከሻ ላይ ነጭ ፊኛ ከታየ ሥጋው ሳይበላ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ፊኛ ስላልታየ ግን ሥጋው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በቄራ ምርመራ ፊኛ የተገኘበት ሥጋ ስለሚወገድ ወይም ዋጋው ስለሚቀንስ ኪሳራው ለአርቢውም ይተርፋል።

ሠ/ ኮሶ የታየው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የተባሉት መድኃኒቶች ልካቸው የታወቀ ነው። መድኃኒቱ የትኛውም ቢሆን የወረደው ትል ከመጸዳጃ ጉድጓድ ውጭ አይጣል።

ረ/ የኮሶ ዛፍ ለአበባው ሲባል አይቆረጥ። ዘለላው ብቻ ተለቅሞ ዛፉ ለዘር ይቆይ።

ማጠቃለያ

መድኃኒት ትሉን ያስወርዳል እንጂ መንገዱን አይዘጋም። መንገዱን የሚዘጉት መጸዳጃ ጉድጓድና የበሰለ ሥጋ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ያሟላ ቤተሰብ በየሁለት ወሩ ኮሶ ከመጠጣት ይገላገላል፤ ከብቱም ንጹሕ ሆኖ ገበያ ይወጣለታል።