ቴስታታ በግቢ ውስጥ ስለ መለወጥ

በመኪና ሞተር ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ የሚቀመጠውን ትልቅ ብረት በእንግሊዝኛ የተጻፉ መጻሕፍት «ሲሊንደር ሄድ» ይሉታል። በደሴም በኮምቦልቻም ያለ መካኒክ ግን በዚህ ስም ቢጠሩለት ፊቱን አያዞርም፤ ለእርሱ ስሙ ቴስታታ ነው። ቃሉ «ራስ» ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የወጣ ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በቆዩበት ጊዜ መንገድ ሲቆርጡና በጭነት መኪና ሲመላለሱ የጋራዡ ቋንቋ ከእነርሱ ጋር በብዛት ገባ፤ ካንዴላ፥ ጓርኒሲዮን፥ ካቻቪቴ፥ ቺንጊያ፥ ፍሪሲዮን የምንላቸው ሁሉ የዚያ ዘመን ትራፊዎች ናቸው። ሰዎቹ ሄዱ፤ የመሣሪያው ስም ግን ቀረ። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምጠቀመው በጋራዡ ቋንቋ ነውና መምህሮቼ ይታገሡኝ።

የቴስታታ ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ የሲሊንደሮቹን አፍ ይከድናል፤ ሁለተኛ አየርና ቤንዚን የሚያስገቡትን፥ ጭስም የሚያስወጡትን ቫልቮች ይሸከማል፤ ሦስተኛም በውስጡ ባሉት መተላለፊያዎች ውሃ እየዞረ እሳቱን ያበርድለታል። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ገበር አለ። በዚህ ገበር አንድ በኩል እሳት፥ በሌላው በኩል ውሃ፥ በሦስተኛው በኩል ዘይት አለ። ገበሩ የተቃጠለ እንደ ሆነ ሦስቱ ይቀላቀላሉ።

ይህ ነገር በማንኛውም አገር ያጋጥማል፤ ነገር ግን በእኛ አገር መንገድ ይበረታል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፥ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እንግዲህ መኪናው በዚህች አጭር መንገድ ውስጥ 650 ሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት፤ በተለይም ሐረጎ ላይ ጠመዝማዛው ሲጀምር ማርሹ ይቀንሳል፥ ሞተሩ ይጮኻል፥ መኪናው ግን ይንፏቀቃል። በራዲያተሩ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ጥቂት ሲሆን የሚወጣው ሙቀት ብዙ ነው።

በዚህ ላይ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነገር ይጨመርበታል። ከፍታ በጨመረ መጠን የአየር ግፊት ይቀንሳልና ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም ዝቅ ይላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ ገደማ፥ በደሴ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በደኅናው ቀን እንኳ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሠራል። እናቶቻችን ደሴ ላይ ባቄላ ሲቀቅሉ የሚያጠፉት ማገዶ የበዛበት ምክንያትና የሐረጎ መኪና የሚጨስበት ምክንያት አንድ መሆኑን ሳስብ ገረመኝ።

መፍትሔው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም፤ በምንጭ ብረት ተጭኖ በውስጡ ግፊት ይይዛል። የላዳ መኪና ክዳን የሚይዘው ግፊት ከውጭው አየር በግማሽ አትሞስፌር ያህል የበለጠ ነው፤ በዚህም ምክንያት ውሃው ደሴ ላይ እንኳ እስከ 105 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከተበላ ግን ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፤ ውሃው በ92 ዲግሪ ይፈላል፥ ይተናል፥ ቴስታታውም ይደርቃል።

ሲደርቅ ምን ይሆናል? የላዳ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ የሞተሩ አካል ግን የተቀለጠ ብረት ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.92 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ብረቱ ግን 0.44 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አሉሚኒየሙ ልርዘም ሲል ብሎኖቹ ይዘውታልና መሄጃ ሲያጣ ይቆለመማል ወይም ይሰነጠቃል።

አጎቴ የሚተዳደሩት በአንዲት አሮጌ ላዳ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሰውና ዕቃ ያመላልሱባታል። የቤቱ አስቤዛም፥ የልጆቻቸው ደብተርና ጫማም ከእርሷ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ላዳዋ ውሃ መጠጣት ጀመረች፤ ከበታቿ ግን አንዲት ጠብታ አይታይም። ጠዋት ስትነሣ ከኋላዋ ነጭ እንፋሎት ታወጣለች። የዘይቱን ክዳን ስንከፍተው በውስጡ እንደ ማኪያቶ ዓረፋ ያለ ነገር ተለጥፎበታል። አራቱን ካንዴላዎች አውጥተን ስናያቸው ሦስቱ ጠቁረዋል፤ የሁለተኛው ሲሊንደር ግን የታጠበ ይመስል ነጽቷል። ውሃ የሚገባበትን ሲሊንደር እንፋሎቱ ስለሚያጥበው ይህ ጥሩ ምልክት ነው። የራዲያተሩን ክዳን ብናየው ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል።

ጋራዥ ሲጠየቅ የተባለው ዋጋ አጎቴ በብዙ ወር የማያጠራቅሙት ሆነ። የቆመች ላዳ ደግሞ የሚገዛት የለም፤ ቢገኝም በብረት ዋጋ ነው። አጎቴ በልጅነታቸው ጋራዥ የሠሩ ናቸውና «በግቢያችን እንፈታታለን። አንተ እስክሪብቶና ካርቶን ይዘህ ና፤ የምፈታውን ሁሉ ትጽፋለህ» አሉኝ። በጥር የትምህርት ዕረፍት ሆነ።

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርዶ አደረ። በሙቀቱ ሳለ ብሎን የፈታ ሰው ደኅናውንም ቴስታታ ያጣምመዋል። ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ፥ ውሃውም ተቀዳ። ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ፤ በራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ባለ ቀለም ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ፥ ነገሩ ግን መርዝ ነውና ሕፃንም ውሻም በማይደርስበት ዕቃ ይቀመጥ። የተበላሸውንም ዘይት በጀሪካን አኖርነው እንጂ ወደ ቦርከና በሚወርደው ቦይ አላፈሰስነውም።

በካርቶኑ ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ሥዬ የብሎኖቹን ቦታ በሚስማር በሳሁ፤ እያንዳንዱ ብሎን እንደ ወጣ በቦታው ተሰካ። የካንዴላ ገመዶቹን ቁጥር ጻፍሁባቸው፤ ላዳ የሚተኩሰው በ1፥ 3፥ 4፥ 2 ቅደም ተከተል ነውና ገመድ ከተዛወረ ሞተሩ አይነሣም። ቀጥሎ የታችኛውን ዋና ዘንግ አዙረን የጊዜውን ምልክቶች ከላይም ከታችም አገጣጠምን። ከዚህ በኋላ ነው ካቴናው የሚላላው። ካቴናው ከላይኛው ጥርስ ሲወጣ ወደ ታች እንዳይገባ አጎቴ በሽቦ አስረው አንጠለጠሉት። ይህን ያልሠራ ሰው የሞተሩን ፊት በሙሉ መፍታት ይኖርበታል።

በላዳ ላይ የቴስታታው ብሎኖች የሚገኙት ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ካለበት ቤት በታች ነው። ስለዚህ ዘጠኙ ዳዶዎች ተፈትተው ያ ቤት መነሣት አለበት። ከሥሩ ያሉት ቫልቭ ገፊዎች ከየቦታቸው ጋር ተለምደው የተበሉ ናቸውና ስምንቱም በተራቸው ተቀመጡ። ከዚያ ዐሥሩ ትልልቅ ብሎኖችና በጎን ያለችው ዐሥራ አንደኛዋ ትንሽ ብሎን ይፈታሉ፤ ከዳር ወደ መካከል፥ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እየተባለ። ብዙ ሰው ዐሥራ አንደኛዋን ይረሳና ቴስታታው አልነሣ ሲል ካቻቪቴ ከሥሩ አስገብቶ ይፈለቅቃል፤ በዚያችው ጭረት ኋላ ውሃ ይወጣል።

ቴስታታው ሲነሣ ገበሩ በሁለተኛው ሲሊንደር በኩል ተቃጥሎ አገኘነው። አጎቴ ግን በዚህ አልረኩም። የቴስታታውን ሆድ አጽድተው በላምባ ቀቡት፤ ጥቂት ቆይተው በጨርቅ አደረቁትና «ጠመኔ አለህ?» አሉኝ። የጠመኔ ዱቄት ነሰነስንበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነጩ ዱቄት ላይ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ጠጉር የምታህል ጥቁር መስመር ወጣች። ላምባው ከስንጥቁ ውስጥ ተመልሶ እየወጣ ጠመኔውን አረጠበው ማለት ነው። አንድ ሰው «ይበየዳል» አለን። እኔ እንደሚመስለኝ እሳት በሚበዛበት በዚያ ጠባብ ቦታ የተበየደ አሉሚኒየም ለሐረጎ አይታመንም፤ አጎቴም እንቢ አሉ።

የእነዚህ አሮጌ ላዳዎች ሥራ በፋብሪካቸው እ.ኤ.አ. በ2012 አብቅቷል። የዘር ሐረጋቸው እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣው ፊያት 124 የሚመዘዝ ቢሆንም ሩስያኖች ካምሻፍቱን ከላይ አድርገው ሞተሩን ስለ ለወጡት የፊያት ቴስታታ አይገጥምም። ስለዚህ ያገለገለ የላዳ ቴስታታ ከአዲስ አበባ፥ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣልን። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፥ በወርዱና በሁለቱ ሰያፍ አስደግፈን ከሥሩ የውፍረት መለኪያ ስስ ብረት አስገባን። 0.1 ሚሊ ሜትር የምትወፍረው ስስ ብረት በመካከሉ አለፈች፤ ይህ ለላዳ ብዙ ነውና ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ተስተካከለ።

ስለ ጓርኒሲዮን አንድ ነገር ልጨምር። የላዳ ሞተር የሲሊንደር ስፋት አንዱ 76፥ ሌላው 79 ሚሊ ሜትር ነው። የ76ቱን ገበር በ79ኙ ላይ የጣለ ሰው የገበሩን ጠርዝ እሳት ውስጥ አስገባ ማለት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ሁለቱም በሱቅ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። አጎቴ አዲሱን በሞተሩ አካል ላይ አስተኝተው ቀዳዳ በቀዳዳ ሳያዩ ብር አልከፈሉም።

የብሎን ጉድጓዶቹ መጨረሻቸው ዝግ ነው፤ በውስጣቸው ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ብረቱን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ በእንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ አንድ በአንድ አደረቅሁ። የሞተሩ አካል ፊትም ሲጸዳ ሲሊንደሮቹ በጨርቅ ተደፍነው ነበር።

ማጥበቁ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፥ በሁለት ጊዜ ይጠብቃል፤ መጀመሪያ በ4 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል፥ ቀጥሎ በ11 ያህል። ከዳር ቢጀመር ገበሩ በመካከል ይነፋል። ኀይሉን የሚያሳይ ልዩ ቁልፍ አልነበረንም። እዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ቀመር ረዳን፤ ኀይል ሲባዛ በርቀት። ከብሎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ በቡሶላው ክንድ ላይ የሚንጠለጠል ሚዛን አስረን እንደ ቀጥታ ማዕዘን ሳብን፤ ሚዛኑ 8 ኪሎ ሲያሳይ 4፥ 22 ኪሎ ሲያሳይ 11 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ሚዛኑ የተዋሰነው ከጎረቤት የቡና ነጋዴ ነበር። አጎቴ ይስባሉ፥ እኔ አነባለሁ፤ ዐሥሩም ብሎን በዚህ ዓይነት ጠበቀ።

የቀረው የተፈታውን በካርቶኑ ትእዛዝ መመለስ ነው። ምልክቶቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነውና ምልክቶቹ እንደገና በቦታቸው መጡ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በርዶ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ተደረገ። አዲስ ዘይት፥ አዲስ ውሃ፥ አዲስም የራዲያተር ክዳን ገባ። ከገዛናቸው ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው ትንሹ ይህ ክዳን ነበር።

በማግሥቱ ባዶዋን፥ በሦስተኛው ቀን ሰው ተጭኖባት ሐረጎን ወጣች። የሙቀቱ መርፌ ከመካከል ትንሽ አልፎ ቆመ፤ ዘይቱም ጥቁር እንጂ ማኪያቶ አልሆነም። አጎቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ የቫልቮቹን ክፍተት እንደገና ለኩት፥ ከዚያም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የተሰነጠቀውን ቴስታታ ለእኔ ስለ ሰጡኝ ወደ ትምህርት ቤታችን አምጥቼዋለሁ። በቤተ ሙከራው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስንጥቁን ማየት የሚፈልግ ተማሪ ላምባውን ከእኔ ይጠይቅ፥ ጠመኔ ከክፍሉ ይዞ ይምጣ።