የወቅታዊ ሠራተኛ ክህሎት እንደ ስትራቴጂያዊ ሀብት፦ የመቱና የኢሉባቦር ከተሞች የቡና ድርጅቶች

መግቢያ

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዩና በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች የሚንቀሳቀሱ ብዙ የንግድ ድርጅቶች ገቢያቸው ከቡና ጋር የተሳሰረ ነው። የቡና ለቀማ የሚካሄደው በዓመቱ ውስጥ በጥቂት ወራት ብቻ ነው። በእነዚህ ወራት የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የአቅራቢዎች መጋዘኖች በርካታ ሠራተኞችን ይቀጥራሉ፤ ወቅቱ ሲያበቃም ያሰናብታሉ። ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ የሚቆዩት ሥራ አስኪያጁ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊውና የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው። የሰው ሀብት ዕቅድ ሲዘጋጅም አስቀድሞ የሚታሰበው ለእነዚሁ ቋሚ ሠራተኞች ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የድርጅቱ ተወዳዳሪነት በየትኛው ሠራተኛ ላይ የተመሠረተ ነው የሚል ነው። ጽሑፉ በሕግ ሰነዶች፣ በንድፈ ሐሳብና በዘርፉ የሥራ ሂደት ላይ ተመሥርቶ ጉዳዩን ይመረምራል።

ንድፈ ሐሳባዊ መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1984 ፎምብሩን፣ ቲቺና ዴቫና ያቀረቡት አስተሳሰብ ምልመላ፣ ምዘና፣ ክፍያና ሥልጠና ከድርጅቱ ስትራቴጂ ጋር መጣጣም እንዳለባቸው ያስረዳል። ባርኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ዘላቂ የውድድር ብልጫ የሚገኘው ዋጋ ካላቸው፣ ብርቅ ከሆኑ፣ በቀላሉ ከማይቀዱና ተተኪ ከሌላቸው ሀብቶች መሆኑን አመለከተ። ሌፓክና ስኔል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የቅጥር ዓይነት መወሰን ያለበት በሠራተኛው ክህሎት ዋጋና ልዩነት መሆኑን አስረዱ። በዚህ መለኪያ ዋጋውና ልዩነቱ ዝቅተኛ የሆነ ክህሎት በአጭር ውል ይገኛል፤ ሁለቱም ከፍተኛ የሆኑለት ክህሎት ግን በድርጅቱ ውስጥ ይገነባል። የወቅታዊ ቡና ሠራተኛ በተለምዶ የሚመደበው በመጀመሪያው ረድፍ ነው። ይህ ምደባ ዛሬም ትክክል መሆኑ ያጠያይቃል።

የሥራው ባሕርይ

የታጠበ ቡና ጥራት በተከታታይ የእጅ ሥራዎች ላይ ያርፋል። ለቃሚው የበሰለውን ቀይ ቡና ካልበሰለው ይለያል። እሸቱ ሳይውል ሳያድር ይፈለፈላል። በገንዳ ውስጥ ያለውን ቡና የሚከታተለው ሠራተኛ ዝልግልጉ መልቀቁን በእጁ ዳስሶ ያውቃል። በማድረቂያ አልጋ ላይ ያለውን ቡና የሚያገላብጡና የሚለቅሙ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ከዝናብና ከጠንካራ ፀሐይ መቼ እንደሚሸፈን መወሰን ይኖርባቸዋል። ዝናቡ ለረጅም ወራት በሚዘልቅበት በኢሉባቦር የአንድ ከሰዓት ቸልተኝነት የቀናት ልፋትን ያበላሻል። ይህ ዕውቀት በመመሪያ ተጽፎ የሚሰጥ ሳይሆን ከወቅት ወደ ወቅት የሚካበት ነው።

የገበያው ለውጥ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ቡና የሚገበያየው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ነበር። በዚህ አሠራር የአንድ ጣቢያ ቡና ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል የተለየ ጥንቃቄ ያደረገው ጣቢያ በስሙ የሚታወቅበት ዕድል ጠባብ ነበር። በ1991 ዓ.ም. እንደተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሉ ዩኒየኖች ግን የአባል ማኅበራትን ቡና በቀጥታ ይልኩ ነበር። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ለቀጥታ ትስስርና ምንጩ ለሚታወቅ ቡና ሰፋ ያለ በር ከፈተ። ከዚህ በኋላ የጣቢያው ስም ከቡናው ጋር የመጓዝ ዕድል አገኘ። ስለዚህ የገልባጯና የለቃሚው ክህሎት ዋጋ ጨምሯል፤ የቅጥሩ ዓይነት ግን በነበረበት ቀርቷል።

ከአካባቢው ሁለት ማነጻጸሪያዎች ይህን ያጎላሉ። በጎሬ አቅራቢያ በሚገኘው የጉማሮ ሻይ ልማት ቅጠሉ በየጥቂት ቀናት ልዩነት ደጋግሞ ስለሚለቀም ክህሎቱ በሥራው ሂደት ሳይቋረጥ ይቆያል። በ1985 ዓ.ም. የተመሠረተውና በ2003 ዓ.ም. ወደ ሄኒከን የተዛወረው የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ደግሞ በማሽንና በቋሚ ባለሙያ የሚሠራ በመሆኑ ዕውቀቱን በድርጅቱ ውስጥ ማቆየት ይቀለዋል። ክህሎቱ በየዓመቱ በሩን ለቆ የሚወጣው ከቡና ድርጅቱ ነው።

የሕጉ ቦታ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በመርሕ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚቆጠር መሆኑን ደንግጎ፣ በየዓመቱ ለሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ግን የተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል። ይኸው አዋጅ የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀናት ሲወስን፣ በዚያው አሠሪ ለዚያው ሥራ እንደገና የተቀጠረ ሠራተኛ በድጋሚ ለሙከራ እንደማይቀጠር ያመለክታል። ሕጉ ተመላሹን ሠራተኛ የታወቀ ሰው አድርጎ ይመለከተዋል። ስሙን፣ የሠራበትን ክፍልና የሥራ ውጤቱን መዝግቦ ያልያዘ ድርጅት ግን ለአሥር ወቅቶች የሠራችውን ሴት በአሥራ አንደኛው ወቅት እንደ አዲስ ይቀበላታል። ጉዳቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ልምዷን የተሻለ የቀን ሒሳብ ለሚከፍለው ጎረቤት ጣቢያ ይዛ ትሄዳለች።

አማራጭ የአሠራር መንገድ

አነስተኛ ጣቢያ ሥራ በሌለበት ወር ደመወዝ መክፈል እንደማይችል የሚቀርበው መከራከሪያ ተገቢ ነው። ብዙ ወቅታዊ ሠራተኞችም በጓሯቸው የራሳቸው ቡና ስላላቸው ለቀማው ይጋጭባቸዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉንም ቋሚ ማድረግ ሳይሆን የሥራ ግንኙነቱን ማስቀጠል ነው። ይህም አራት ተግባራትን ይጠይቃል፦ የተመላሽ ሠራተኞችን መዝገብ መያዝ፤ ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ለእነርሱ የቅድሚያ ጥሪ ማድረግ፤ ለተመለሰና የጥራት ኃላፊነት ለወሰደ ሠራተኛ ጭማሪ መክፈል፤ ቁልፍ ሠራተኞችን ከወቅቱ ውጭ በቡና ጉንደላ፣ በችግኝ ማፍላትና በማድረቂያ አልጋ ጥገና ማሠማራት።

ማጠቃለያ

በኢሉባቦር የቡና ድርጅቶች ስትራቴጂና የሰው ሀብት አስተዳደር የተለያዩት በቅጥር ምደባው ላይ ነው፤ ድርጅቱ በጥራት ለመወዳደር ሲያቅድ ጥራቱን የሚፈጥሩት እጆች ከዕቅዱ ውጭ ይቀራሉ። የሰው ሀብት ዕቅድ ከቢሮው የሥራ መደብ ዝርዝር ሳይሆን ከማድረቂያ አልጋው ቢነሣ ይህ ክፍተት ይጠባል። የተመላሽ ሠራተኞች ድርሻ በቡናው ደረጃና ዋጋ ላይ የሚያመጣውን ልዩነት በጣቢያ ደረጃ መለካት ለቀጣይ ጥናት ተገቢ መስክ ነው።